የራስ መደብና የራስ መዝገብ፤ ስለ ገጠር ልጆች የእርሻ ትምህርት

በገጠር አንድ አባት ልጁን ወደ ትምህርት ቤት ሲሰድ የሚናገረው ቃል በብዙ ስፍራ አንድ ዓይነት ነው። «እኔ በሞፈርና በቀንበር የደከምሁት ይበቃል፤ አንተ ተማርና ከዚህ ድካም ውጣ» ይላል። ቃሉ ከፍቅር የመነጨ ስለሆነ የሚነቀፍ አይደለም። ነገር ግን ልጁ ይህን ከሕፃንነቱ ጀምሮ እየሰማ ሲያድግ፣ እርሻ ያልተማረ ሰው ዕዳ ነው፤ ትምህርትም ከእርሻ ማምለጫ መንገድ ነው ብሎ በልቡ ይጽፈዋል። ከዚያ በኋላ ትምህርቱ የቀናለት ወደ ከተማ ይሄዳል፤ ያልቀናለትም ወደ አባቱ ማሳ የሚመለሰው እንደ ተሸነፈ ሰው አንገቱን ደፍቶ ነው። እንዲህም ሲሆን አገርን የሚመግበው ሥራ ዕውቀት ከቀረበው ልጅ እጅ እየወጣ ዕውቀት ለራቀው ልጅ የሚተው ይሆናል።

ይህን ነገር ለማቃናት ስለ እርሻ ክብር ለልጆች መስበክ ብቻውን አይበቃም። ስብከት ጆሮን ያስደስታል እንጂ እጅን ሥራ አያስተምረውም። በትምህርት ቤት ቅጥር ውስጥ ልጆችን ሰብስቦ አትክልት ማስተከልም መልካም ነው፤ ዳሩ ግን የሁሉም የሆነው መደብ የማንም ስላልሆነ፣ ብዙ ጊዜ ውኃ የሚጠጣው መምህሩ አጠገቡ በቆመ ቀን ነው። እኛ ዛሬ በዚህ የቤተ ሰብ ገጽ ልናስረዳ የምንወደው ነገር አንድ ነው፤ ይኸውም ልጅ እርሻን አጥብቆ የሚማረው የራሱ ቁራሽ መሬት፣ በራሱ እጅ የሚጽፈው መዝገብና ራሱ የሚያዝበት ፍሬ ሲኖረው ነው። ከሦስቱ አንዱ ቢጎድል ትምህርቱ የጉልበት ሥራ ብቻ ሆኖ ይቀራል።

ይህ አሳብ ከመቶ ዓመት በላይ የተፈተነ ነው። ፈተናው በሰፊው የተደረገባት አሜሪካ ስትሆን፣ ከዚያ የተነሣው ትምህርት በኋላ እስከ ጅማና እስከ ሐረርጌ ድረስ ደርሷልና፣ ታሪኩን ከመነሻው ብንከተል ለእኛም የሚጠቅመውን ከማይጠቅመው ለመለየት ይረዳናል። ዓመቶቹን ሁሉ የምንጽፈው በአውሮፓ አቆጣጠር መሆኑን አንባቢ ያስታውስልን።

በአሜሪካ ኦሃዮ በሚባለው ግዛት፣ በክላርክ አውራጃ፣ አልበርት ቤልሞንት ግሬሃም የሚባል የገጠር ትምህርት ቤቶች ኃላፊ ነበረ። ይህ ሰው በጃንዩወሪ 15 ቀን 1902 ስፕሪንግፊልድ በምትባለው ከተማ 30 ያህል ወንዶችና ሴቶች ልጆችን ሰበሰበ። የተሰበሰቡበትም ቦታ የአውራጃው ፍርድ ቤት ምድር ቤት ነበረ። እኛ ዘመናችንን በፍርድ ቤት መዝገብ መካከል የምናሳልፍ ሰዎች፣ ባለጉዳይ ከሚጨናነቅበት ቤት ሥር እንዲህ ያለ ትምህርት መጀመሩን ስንሰማ ደስ ይለናል። ልጆቹ በዚያ የተማሩት ረቂቅ ነገር አልነበረም። ለዘር የሚሆነውን በቆሎ (አያቶቻችን የባሕር ማሽላ ይሉት የነበረውን) ከማይሆነው መለየት ተማሩ፤ ቀለሙን በሚለውጥ ትንሽ ወረቀትም የማሳቸው አፈር ኮምጣጣ መሆኑንና አለመሆኑን መመርመር ተማሩ። ከዚያም እያንዳንዱ ወደ ቤቱ ተመልሶ በወላጁ መሬት ላይ የተማረውን ፈተነ። የግዛቱም የእርሻ ኮሌጅ ይህን አይቶ ረዳቸው።

አስተዋይ አንባቢ እንደሚረዳው ይህ የአፈር ምርመራ ለእኛም እንግዳ ጉዳይ አይደለም። በጎጃም፣ በወለጋና በሌሎችም ዝናም በሚበዛባቸው ደጋ አገሮች ኮምጣጣው አፈር ሰብልን የሚያቀጭጭ ሆኖ፣ ኖራ ካልተጨመረበት ማዳበሪያ እንኳ እንደሚገባ ፍሬ አይሰጥበትም። አባት ግን የማሳው ፍሬ ባነሰ ጊዜ ምክንያቱን በዝናሙ ወይም በዘመኑ ክፋት ላይ ይጥላል። የ12 ዓመት ልጅ በወረቀት ቁራጭ ሊያየው የሚችለውን ነገር ሳያውቅ ዕድሜውን ሙሉ የሚያርስ ሰው አለ ማለት ነው።

ከኦሃዮው ስብሰባ አንድ ዓመት በኋላ፣ በ1903፣ በአሜሪካ ደቡባዊ ክፍል በቴክሳስ ግዛት ሌላ ነገር ተደረገ። በዚያን ጊዜ የጥጥን እንቡጥ እየበሳ የሚያጠፋ ነቀዝ ከሜክሲኮ ተሻግሮ ገብቶ፣ በጥጥ ብቻ ይኖር የነበረው ገበሬ ጭንቅ ላይ ወድቆ ነበር። መንግሥት መጻሕፍት ቢያሳትምም የሚሰማ አልተገኘም። ሲማን ናፕ የተባለ 70 ዓመት ሊሞላው የቀረበ ምሁር ግን ሌላ ዘዴ አሰበ። ቴሬል በምትባል ከተማ አጠገብ የአንድ ገበሬ ማሳ ተመረጠ፤ የከተማይቱም ነጋዴዎች ገንዘብ አዋጥተው፣ አዲሱ አሠራር ኪሳራ ቢያመጣ ለገበሬው እንክፈል ብለው ዋስ ሆኑ። ገበሬው ናፕ በነገረው መንገድ በገዛ ማሳው፣ በገዛ እጁ ዘራ፤ ነቀዙም እያለ ትርፍ አገኘ። ሰው የሰማውን ሊጠራጠር ይችላል፤ በሌላው እጅ ሲሠራ ያየውንም ሊጠራጠር ይችላል፤ ራሱ የሠራውን ግን ሊጠራጠር አይችልም የሚለው የናፕ ትምህርት በዚህ ተመሠረተ።

በቤተ ክህነት ትምህርት ቤት ያለፈ ሰው ይህን አሳብ ለመቀበል አይቸገርም። የቅኔ ተማሪ የመምህሩን ቅኔ ሰምቶና አድንቆ ብቻ ባለሙያ አይባልም። ገና በጉባኤ ቃና ሳለ የራሱን እንዲዘርፍ ይታዘዛል፤ የዘረፈውንም በመምህሩ ፊት ቆሞ ያቀርባል፤ ቢሳሳት ይታረማል፤ ቢቀናው ይመሰገናል። የእርሻ ትምህርትም ሥርዓቱ ከዚህ የተለየ አይደለም። ስንዴ እንዴት እንደሚበቅል በቃሉ የሚያነበንብ ልጅ የሌላውን ቅኔ እንደሚያዜም ተማሪ ነው፤ የራሱን ያልዘረፈ ገና አልተማረም።

ናፕ ለታላላቆቹ ያስተማረውን ወደ ልጆች ያመጡት የገጠር መምህራን ናቸው። በ1907 በሚሲሲፒ ግዛት፣ በሆምስ አውራጃ፣ ዊልያም ስሚዝ የተባለ የትምህርት ኃላፊ ከመቶ የሚበልጡ ወንዶች ልጆችን በበቆሎ ማኅበር አደራጀ። ነገሩ ወደ ሌሎቹ ግዛቶች ፈጥኖ ተዛመተ። የተለመደው ደንብ ለአንድ ልጅ አንድ ኤክር የሚሰጥ ነበረ፤ ኤክር ማለት 4,047 ካሬ ሜትር፣ ከግማሽ ሄክታር ያነሰ መሬት ነው። ሽልማቱ የሚታደልበት ሚዛን ግን ከሁሉ ይልቅ ልብ ሊባል የሚገባው ነው። ከመቶው እጅ 30 ለምርቱ ብዛት፣ 30 ለተገኘው ትርፍ፣ 20 ለትርዒት ለቀረበው የበቆሎ ራስ ማማር፣ የቀረው 20 ደግሞ ልጁ ስለ ሥራው ለጻፈው መዝገብ ይሰጥ ነበረ። ስለዚህ ብዙ ማዳበሪያ አፍስሶ ብዙ በቆሎ ያመጣ ልጅ፣ ወጪው ትርፉን ከበላው አይሸለምም፤ ወጪውን ያልጻፈም ትርፉን ሊያስረዳ አይችልም።

በአገራችን «ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም» የሚል ተረት አለ። በ1910 በደቡብ ካሮላይና ግዛት ጄሪ ሙር የተባለ የ15 ዓመት ልጅ ከአንድ ኤክር 228 ቡሼል ከሦስት ሩብ በቆሎ ሰበሰበ። አንድ ቡሼል በቆሎ 25 ኪሎ ከግማሽ ያህል ስለሚመዝን፣ ይህ ከ58 ኩንታል አያንስም። በዚያ ዘመን በዚያ ግዛት ብዙው ገበሬ ከአንድ ኤክር 20 ቡሼል፣ ማለት 5 ኩንታል እንኳ የማይሞላ ያገኝ ነበር። እንዲህ ያለው ምርት ብዙ ማዳበሪያና ብዙ ጥንቃቄ የተደረገለት ስለሆነ ለሁሉ ማሳ ልክ ተደርጎ አይቆጠርም። እኛ ግን ከብዛቱ ይልቅ የሚያስገርመን ሌላ ነገር ነው። ያ ልጅ አንዱ ቡሼል 43 ሳንቲም እንደ ፈጀበት ያውቅ ነበር። ከጎረቤቶቹ ታላላቅ ገበሬዎች መካከል አንድ ቡሼል ስንት እንደሚፈጅበት በውል ሊናገር የሚችል ስንት ሰው ይገኝ ነበር? በእኛስ አገር አንድ ኩንታል ጤፍ ስንት ቀን ጉልበት፣ ስንት ብር ዘርና ማዳበሪያ እንደ በላ ጽፎ የያዘ ገበሬ ስንት ነው?

እስከዚህ ድረስ የተነገረው የወንዶች ልጆች ነገር ብቻ ስለሆነ፣ እናቶች አንባቢዎቻችን «የሴቶቹስ?» ብለው መጠየቃቸው አይቀርም። ይህንኑ ጥያቄ ያነሣች ማሪ ክሮመር የምትባል በደቡብ ካሮላይና የኤይከን አውራጃ የገጠር መምህርት ነበረች። ስለ ወንዶቹ የበቆሎ ማኅበር በመምህራን ጉባኤ ላይ ሲነገር ሰምታ፣ ለሴቶቹም የሚሆን ሥራ ይፈለግ ብላ ተነሣች፤ በ1910ም ከ40 የሚበልጡ ልጃገረዶችን የቲማቲም ማኅበር አደረገች። ለእያንዳንዲቱ የተሰጠው መሬት የአንድ ኤክር አንድ አሥረኛ፣ ማለት 20 ሜትር በ20 ሜትር ያህል ብቻ ነበረ። ከሁሉ ለበለጠችውም ልጅ ሽልማቱ ዊንትሮፕ በሚባለው የሴቶች ኮሌጅ የሚያስገባ የነፃ ትምህርት ዕድል ሆነ። እንግዲህ በዚያ ማኅበር ቲማቲም የትምህርት ቤት ክፍያ ሆነ ማለት ነው።

የልጃገረዶቹ ሥራ ከወንዶቹ አንድ እርምጃ የራቀ ነበረ። ቲማቲም ሁሉ በአንድ ወቅት ሲበስል ገበያው ይጠግባል፤ ዋጋው ይወድቃል፤ ያልተሸጠውም ይበሰብሳል። ይህን በመቂና በዝዋይ አካባቢ የሚያለማ ሰው ሁሉ በዓይኑ ያየዋል። ልጃገረዶቹ ግን ምርታቸውን አብስለው በጣሳ ማሸግን ተማሩ፤ በክረምትም ቤተ ሰባቸው የሚበላው፣ ለገበያም የሚቀርብ ነገር አገኙ። በዚህ መንገድ የንጽሕናን፣ የመጠንንና የሒሳብን ትምህርት ከጓዳ ሥራ ጋር አንድ ላይ ቀሰሙ። እናቶችም ከሴቶች ልጆቻቸው ትከሻ በስተኋላ ቆመው እያዩ ተማሩ። መምህር ቢመጣባቸው ኖሮ «እኛን ማን አላዋቂ አደረገን» ይሉ የነበሩ ሰዎች፣ ከገዛ ልጃቸው የሚማሩትን እንደ ኀፍረት አልቆጠሩትም።

የዚህ ማኅበር ምልክት አራት ቅጠል ያለው የማገጥ ዘር ነው። አይዮዋ በሚባለው ግዛት ጄሲ ፊልድ የምትባል የትምህርት ኃላፊ በመጀመሪያ ሦስት ቅጠል ያለውን ምልክት ለልጆች ትሰጥ ነበር፤ በዚያው ግዛት ኦስካር ቤንሰን የሚባል ሌላ ኃላፊ ደግሞ አራት ቅጠል ያለውን አወጣ። አራቱ ቅጠሎች ራስን፣ ልብን፣ እጅንና ጤናን የሚያመለክቱ ሲሆኑ፣ እነዚህ ቃላት በቋንቋቸው በአንድ ፊደል ስለሚጀምሩ ማኅበሩ «ፎር ኤች» ተብሎ ተጠራ። መንግሥትም ነገሩን ለመምህራን በጎ ፈቃድ ብቻ አልተወውም። በሜይ 8 ቀን 1914 በወጣው ሕግ የእርሻ ኮሌጆች ዕውቀታቸውን ወደ ገበሬው ቤት የሚያደርሱ ሠራተኞችን በየአውራጃው እንዲያኖሩ፣ ወጪውንም ማዕከላዊው መንግሥትና ግዛቶቹ እንዲካፈሉት ተደረገ። በ1917 የወጣው ሌላ ሕግ ደግሞ እርሻ በሚማሩበት ትምህርት ቤት ተማሪው በዓመት ቢያንስ 6 ወር በመምህር እየተጠበቀ በማሳ ላይ እንዲሠራ አዘዘ። ዛሬ በፎር ኤች የሚሳተፉት ወጣቶች 6 ሚሊዮን ያህል ናቸው።

ከዚህ ሁሉ መካከል ግን እንቅፋት አልጠፋም፤ ትልቁም እንቅፋት በቤት ውስጥ የሚገኝ ነበረ። ልጁ ጥጃ ተሰጥቶት፣ አብልቶና አጥቦ ካሳደገው በኋላ፣ በሽያጩ ቀን ገንዘቡ ወደ አባቱ ኪስ ይገባል። በዚያ አገር ገጠር ጥጃው የልጁ፣ ላሚቱ ግን የአባቱ ነች እየተባለ ይቀለድ ነበር። ቀልዱ ግን ምሬት ያለበት ነው። የማኅበሩ መምህራን መዝገቡ በልጁ ስም እንዲሆን፣ ገንዘቡም ለልጁ እንዲሰጥ አጥብቀው የጠየቁት ስለዚህ ነው። በየስፍራውም ባንኮች ልጁ ራሱ በሚፈርምበት ወረቀት ለአሳማ ግልገል መግዣ ያበድሩ ጀመር፤ በእኛ ዘንድ ይህን በግ ወይም ፍየል ይተካዋል። ልጁ ዕዳውን ከፍሎ የቀረውን ሲያስቀምጥ፣ አደራ መጠበቅን ከማንም ስብከት በላይ ይማራል።

በፍርድ ቤት ጽሕፈት ሥራ ላይ የቆየ ሰው ይህ ነገር በእኛም አገር እንዴት እንደሚፈጸም ያውቃል። ልጅ «ላሚቱን ከጥጃነቷ ያሳደግኋት እኔ ነኝ» ይላል፤ አባት «ግጦሹም በረቱም የእኔ ነው» ይላል። ሁለቱም እውነት ይናገራሉ፤ ነገር ግን ጥጃዋ የተሰጠች ቀን የተጻፈ ቃል ስለሌለ፣ ምስክሩ በሁለት ይከፈላል፤ ዘመድም ይለያያል። ብዙ ልጅ ከአባቱ ቤት ኮብልሎ ወደ ከተማ የሚሄደው መሬት ስለጠበበው ብቻ ሳይሆን፣ የደከመበት ነገር የእርሱ ሳይሆን መቅረቱ ስላቆሰለው ጭምር ነው።

የአሜሪካውም ሥራ ነውር አልነበረበትም ብለን አንባቢን አናታልልም። የጥቁሮች ልጆች ከነጮቹ ተለይተው በሌላ ማኅበር ይማሩ ነበር፤ የሚመደብላቸውም ገንዘብ ያነሰ ነበር። በ1906 በተስኪጊ የተሠራው፣ ጆርጅ ዋሽንግተን ካርቨር ያሰበው የትምህርት ሠረገላ ከቤት ወደ ቤት እየዞረ ያስተማረው ይህ መድልዎ ባለበት ዘመን ነው፤ መለያየቱ በሕግ የተሻረው በ1964 ነው። ደግሞም የእርሻ ትምህርት ልጆችን ሁሉ በገጠር አላስቀረም። በ1900 ከአሜሪካ ሕዝብ ከመቶው 40 ያህሉ በእርሻ ይኖር የነበረ ሲሆን፣ ዛሬ ከመቶው ሁለት እንኳ አይሞላም። ስለዚህ የዚህ ትምህርት ዓላማ ልጅን ከሞፈር ጋር ማሰር አይደለም። የሚቀረው ዐውቆና ወዶ እንዲቀር፣ የሚሄደውም ወጪና ገቢን ማመዛዘን፣ የጀመሩትን መፈጸምንና መዝገብ መያዝን ይዞ እንዲሄድ ነው።

ወደ አገራችን ስንመለስ፣ ይህ ትምህርት ወደ እኛ የመጣበት መንገድ የታወቀ ነው። የአምቦ የእርሻ ትምህርት ቤት በ1947 ተቋቁሞ ነበረ። በ1950 ደግሞ በኦክላሆማ ግዛት የእርሻና የመካኒክ ኮሌጅ ፕሬዚደንት የነበሩት ዶክተር ሄንሪ ቤኔት ወደ ኢትዮጵያ መጥተው፣ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ መንግሥት ጥያቄ ስለ እርሻ ትምህርት ምክር ሰጡ። እርሳቸው በ1951 ዲሴምበር በኢራን አገር በአውሮፕላን አደጋ ቢሞቱም፣ የጀመሩት ሥራ አልተቋረጠም። በ1952 የጅማ የእርሻ ትምህርት ቤት ተከፈተ፤ በ1956ም ዛሬ ሐረማያ ዩኒቨርሲቲ የሚባለው የዓለማያ የእርሻ ኮሌጅ በስፍራው ማስተማር ጀመረ። ገበሬውን በማሳው ላይ የማስተማሩ ሥራ በመጀመሪያ በዚሁ ኮሌጅ ሥር ሆኖ ቆይቶ፣ በ1963 ወደ እርሻ ሚኒስቴር ተዛወረ። በእነዚያም ዓመታት ባለ አራት ቅጠሉን ማኅበር አርአያ ያደረጉ የወጣት ገበሬዎች ማኅበራት ተቋቁመው ነበር።

ከዚያ ወዲህ መንግሥትም የመሬት ሥሪትም ተለውጧል። ዛሬ በየቀበሌው የገበሬዎች ማሠልጠኛ ማዕከል ከነማሳያ ማሳው እንዲኖር፣ ስለ ሰብል፣ ስለ እንስሳትና ስለ ተፈጥሮ ሀብት የተማሩ ሦስት የልማት ሠራተኞችም እንዲመደቡ ተደርጓል። ይህ ትልቅ መሠረት ነው። ሆኖም በማዕከሉ የሚጠራው ብዙ ጊዜ የቤት አባወራ ነው፤ ልጁ ከብት ሲጠብቅ፣ ልጅቱም ውኃ ስትቀዳ ይውላሉ። አባት የሰማውን ለልጁ ካልነገረ፣ ዕውቀቱ ከሽማግሌው ጋር ያረጃል።

«ለልጅ የሚሰጥ መሬት ከወዴት ይመጣል?» የሚል ተቃውሞ እንደሚነሣ እናውቃለን። በእውነትም በብዙ ደጋ አገር የአንድ ቤተ ሰብ ይዞታ ከአንድ ሄክታር ያነሰ ነው፤ መሬት የሌለው ወጣትም ብዙ ነው። ነገር ግን የኤይከን ልጃገረዶች የተማሩበት መሬት 20 ሜትር በ20 ሜትር ብቻ እንደ ነበረ እናስታውስ። ይህም ቢጠብ 10 ሜትር በ10 ሜትር ይሁን፤ ይህም ባይገኝ አምስት ዶሮ ይሁን። ደግሞም ለልጁ የሚሰጠው የመሬቱ ይዞታ ሳይሆን የአንድ ወቅት ፍሬ ነውና፣ አባት መብቱ የሚነካበት ምክንያት የለም። ስለዚህ ለቤት አባቶች፣ ለእናቶችና ለሹማምንት የሚከተለውን በትሕትና እናሳስባለን።

1ኛ፤ ለልጅ የሚሰጠው ቁራሽ ድንጋያማውና የተጣለው ዳርቻ አይሁን። በክፉ መሬት የጀመረ ልጅ የሚማረው ተስፋ መቁረጥን ነው። ከአባቱ ማሳ አጠገብ ቢሆን፣ ሁለቱ አሠራሮች ጎን ለጎን ታይተው ይመዘናሉ።

2ኛ፤ መሬቱ ወይም እንስሳው በተሰጠ ቀን ጥቂት መስመር ይጻፍ። የመሬቱ ልክ፣ ለስንት ጊዜ እንደ ተሰጠ፣ ዘሩን ማን እንደሚገዛ፣ ፍሬው እንዴት እንደሚከፈል ይገለጽበት፤ አባት፣ እናትና ልጅ ይፈርሙበት። ይህ በቤተ ሰብ መካከል አለመተማመንን የሚያመጣ የሚመስለው ሰው ቢኖር፣ ከወረቀት ጠብ ይልቅ ወረቀት በማጣት የተነሣውን ጠብ ወደ ፍርድ ቤት መጥቶ ይመልከት።

3ኛ፤ ልጁ መዝገብ ይያዝ። አንድ ደብተርና አራት ዓምድ ይበቃል፤ ቀኑ፣ የተሠራው ሥራና የፈጀው ሰዓት፣ የወጣው ገንዘብ፣ የገባው ምርት ወይም ገንዘብ። ለምሳሌ አንድ ልጅ ለሽንኩርት ዘርና ለማዳበሪያ 900 ብር አውጥቶ ምርቱን በ2,400 ብር ቢሸጥ፣ 1,500 ብር አተረፍሁ ይላል። መዝገቡን ሲመለከት ግን 30 ግማሽ ቀን እንደ ሠራ ያያል፤ እንግዲህ የአንዱ ግማሽ ቀን ዋጋ 50 ብር ነው ማለት ነው። ከዚህ በኋላ ውኃ ለማመላለስ የጠፋውን ጊዜ እንዴት ላሳጥር ብሎ ራሱን ይጠይቃል። የእርሻ ዕውቀት የሚጀምረው ከዚህ ጥያቄ ነው።

4ኛ፤ ለሴት ልጅም እንደ ወንድሟ ይሰጣት፤ ያመረተችውም ለጓዳ ወጪ ሳይነገራት አይወሰድ። ቤተ ሰቡ ከመደቧ ቢበላ፣ በመዝገቧ ይጻፍና በገበያ ዋጋ ይታሰብላት።

5ኛ፤ ሥራው ከትምህርት ሰዓት አይሻማ፤ ሰብሉም ቢጠፋ ልጁ አይሰደብ። ለምን እንደ ጠፋ ከጻፈ፣ ያ ገጽ ብቻውን የአንድ ወቅት ትምህርት ነው።

6ኛ፤ ሹማምንት ከማሠልጠኛው ማዕከል ማሳ አንዱን ጥግ መሬት ለሌላቸው ወላጆች ልጆች ይክፈሉላቸው። በመከር ጊዜም ልጆቹ ምርታቸውንና መዝገባቸውን ይዘው በሕዝብ ፊት የሚቆሙበት ቀን ይወሰን፤ የወረዳው ሹም ራሱ ተገኝቶ ደብተሩን ገልጦ ያንብብ። ሽልማቱ ምርጥ ዘር፣ መኮትኮቻ፣ ዶሮ ወይም የትምህርት ቤት ወጪ ሊሆን ይችላል። ባለሥልጣን ተቀምጦ የልጅን መዝገብ ሲያነብ ያየ አባት፣ ያንን ደብተር ከዚያን ቀን ጀምሮ እንደ ቀልድ አይቆጥረውም።

እነዚህ ነገሮች አዲስ ሕንጻ ወይም ከውጭ የሚመጣ መሣሪያ የሚጠይቁ አይደሉም። የሚጠይቁት አባት ከማሳው ጥቂት፣ ከሥልጣኑም ጥቂት እንዲለቅ ነው፤ ሁለተኛው ከፊተኛው እንደሚከብድ እናውቃለን። ዳሩ ግን ልጁ በመከር ቀን ኩንታሉን አስመዝኖ፣ ሒሳቡን አንብቦ፣ ከገንዘቡም ለእናቱ ነጠላ ለመግዛት ፈቃድ ሲጠይቅ፣ አባት ያጣው ነገር እንደሌለ ያያል። እንደዚህ ያለው ልጅ ወደ ከተማ ቢሄድም ከእርሻ የሸሸ አይባልም፤ በማሳው ቢቀርም የተሸነፈ አይባልም። በበልግ ለሚያርሱ አገሮች የበልጉ ዘር፣ ለቀሩትም የሰኔው ዘር ከመድረሱ በፊት፣ ገመድ ይዞ 20 ሜትር በ20 ሜትር መለካት የግማሽ ቀን ሥራ ነው።